ባለ 20 ሊትሩ አኳሪየም ለቤታ አሳ፦ ከአንድ ዓመት አጠቃቀም በኋላ

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር፣ ዝርዝሩ ይከተላል። ባለ 20 ሊትሩ የመስታወት አኳሪየም ከነክዳኑና ከነመብራቱ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ። ካርቶኑ ውስጥ አብሮት የሚመጣው ውሃ የሚያጣራው ፊልተር ግን ለቤታ አይሆንም። ጎኑ ላይ የሚለጠፈው ቴርሞሜትር በትክክል አያነብም። ለአዲስ አበባ ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ውሃ የሚያሞቀው ሂተር ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ ጭራሽ የለም። ይህን የምጽፈው አንድ ክረምትና አንድ ታህሳስ ሙሉ ከተጠቀምኩበት በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያ ቀን ደስታ እያናገረኝ አይደለም።

ከዚህ በፊት አንድ ቤታ ሞቶብናል። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የለመነኝ አሳ ነበር። አንድ ሱቅ ሄድን፣ በትናንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ተደርድረው አየናቸው፣ ልጄ ሰማያዊውን መረጠ። ሻጩን ምን ምን እንደሚያስፈልገው ስጠይቀው "እህቴ፣ ይሄ አሳ እኮ ምንም አይፈልግም፣ ብርጭቆ ውስጥም ይኖራል፣ ውሃውን ብቻ በሳምንት በሳምንት ቀይሪለት" አለኝ። ሁለት ሊትር የምትይዝ ክብ መስታወት ሸጠልኝና ወደ ቤት ገባን። ጊዜው የህዳር መጨረሻ ነበር። አሳው መጀመሪያ ምግብ ቀነሰ። ቀጥሎ ክንፎቹን ሰብስቦ ከታች መተኛት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሞቶ አገኘነው። ልጄ ቀኑን ሙሉ ቃል አልተነፈሰም። እኔም የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ከተትኩ፣ 16 ዲግሪ አለ።

ስለዚህ አሳ በደንብ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ አገሮች አሳ ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የውሃ እንስሳ አድርጋ ሰይማዋለች። በአገሬው ቋንቋ "ፕላ ካት" ይሉታል፣ ተናካሽ አሳ እንደማለት ነው፣ ወንዶቹ አንድ ላይ ከተቀመጡ ይጣላሉና። የሚኖረው በሩዝ ማሳዎችና በረግረግ ውስጥ ነው። ውሃው ጥልቀት ላይኖረው ይችላል፣ ግን ሰፊ ነው፣ ሳርና ቅጠል የሞላበት ነው፣ ሞቃትም ነው። ይህ አሳ የሚፈልገው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። እኛ የሰጠነው 16 ነበር።

ሰውን የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። ቤታ እንደሌላው አሳ በስንጥቡ ብቻ አይተነፍስም። ጭንቅላቱ ውስጥ ላቢሪንት የሚባል ተጨማሪ አካል አለው፣ በእሱ ከውሃው በላይ ያለውን አየር ይጎርሳል። ስለዚህ ኦክስጅን ያነሰበት ትንሽ ውሃ ውስጥ ሌላው አሳ በሰዓታት በሚሞትበት ቦታ እሱ ሳምንታት ይቆያል። ሻጩ "ብርጭቆ ውስጥ ይኖራል" ያለው ይህን ዓይቶ ይሆናል። በደንብ የተያዘ ቤታ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፣ የእኛ ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቆየው።

እንግዲህ ወደ ዕቃው። አኳሪየሙ 40 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 25 ስፋት፣ 25 ከፍታ አለው። እስከ አፉ ቢሞላ 25 ሊትር ይይዛል፣ ከላይ ለአየር ቦታ ትታችሁ ጠጠር ስትጨምሩበት 20 ሊትር ገደማ ነው የሚሆነው። ለአንድ ቤታ ይህ መጠን በጣም ይስማማል። ትንሽ ውሃ በፍጥነት ይቆሽሻል፣ በፍጥነት ይበርዳል፣ ስህተታችሁንም አይታገስም። 20 ሊትር ግን አንድ ቀን ብትዘገዩ ይችላችኋል። ሱቁ ውስጥ ባለ 5 ሊትር የሚያምር ነገርም ነበር፣ ልጄም ዓይኑ እሱ ላይ ነበር፣ እንኳን አልገዛነው።

ማጣበቂያው ንጹህ ነው፣ ጠርዙም እጅ አይቆርጥም። ቢሆንም ማንኛውንም አዲስ አኳሪየም ቤት እንደገባ ጋዜጣ ላይ አስቀምጡና ውሃ ሞልታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። ጋዜጣው ከራሰ ወደ ሱቁ መልሱት። የእኔ አላፈሰሰም። ስታጥቡት ደግሞ ላርጎም ሆነ ኦሞ በፍጹም አይንካው፣ በውሃና በንጹህ ጨርቅ ብቻ። ሳሙና ማዕዘኖቹ ላይ ይቀራል፣ አሳውን ይጎዳል። የሚቀመጥበትን ጠረጴዛም አስቡበት። ሞልቶ ከነጠጠሩ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ አንዴ ከሞላ ማንቀሳቀስ የለም። እኔ መጀመሪያ መስኮት ሥር ላስቀምጠው ነበር፣ ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ስለሚገባ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ነገር እንዳያበቅል ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወርኩት፣ ደግሞ ማታ ማታ ከመስኮቱ የሚገባው ብርድ ቀላል አይደለም።

ክዳኑን ወደድኩት። ቤታ ዘላይ ነው፣ ክዳን የሌለው አኳሪየም ለእሱ አይሆንም። ክዳኑ ሌላም ጥቅም አለው። ከውሃው በላይ ያለውን አየር ሞቅ አድርጎ ይይዛል፣ አሳው የሚጎርሰው ያንን አየር ስለሆነ ክፍሉ ሲበርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳር ላይ ለገመድ የተተወችው ክፍተት ለአየር መግቢያም ትበቃለች። መብራቱ ምንም አይወጣለትም፣ በቀን ስምንት ሰዓት አበራዋለሁ፣ ማታ አጠፋዋለሁ፣ በቃ።

ፊልተሩ ላይ ቅሬታ አለኝ። ከጀርባ የሚንጠለጠል፣ ውሃ ስቦ እንደ ፏፏቴ የሚያፈስ ዓይነት ነው። ለሌላ አሳ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ወንድ ቤታ ግን ረጅም ክንፍ ነው ያለው፣ ኃይለኛ ፍሰት ውስጥ መዋኘት ይከብደዋል። አሳውን ከማስገባታችን በፊት ሙከራ አደረግኩ፣ አንዲት ቅጠል ውሃው ላይ ጣልኩ፣ ከዳር ዳር እየዞረች አላርፍ አለች። የፊልተሩ አፍ ላይ ስፖንጅ አስሬ ፍሰቱን ለማለዘብ ሞከርኩ፣ ትንሽ ረዳ እንጂ አልበቃም።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። መመሪያው ፊልተሩ ውስጥ ያለውን ማጣሪያ በየወሩ አውጥታችሁ ጣሉና አዲስ ግዙ ይላል። ይህ ስህተት ነው። ምክንያቱን ወደታች ስለ ባክቴሪያ ሳወራ ታገኙታላችሁ፣ ባጭሩ ያን ማጣሪያ መጣል የአኳሪየሙን ሕይወት መጣል ነው። መለወጫውን ደግሞ ብፈልግም ብፈልግም እዚህ አላገኘሁትም። ስለዚህ ፊልተሩን አውልቄ የስፖንጅ ፊልተር ከትንሽ የአየር ፓምፕ ጋር ገዛሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ርካሽ ናቸው። ፓምፑ አየር ይነፋል፣ አየሩ በስፖንጁ ውስጥ ሲያልፍ ውሃ ይስባል፣ ፍሰቱ ለስላሳ ነው፣ ድምፁም የማያስቸግር ነው። ለቤታ የምመክረው ይህን ነው።

ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በታች የምታስቀምጡት ከሆነ ቱቦው መሃል ላይ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የምትከለክለውን ትንሽ ቫልቭ ግዙ። መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ፣ ከዚያም ዲቫይደሩ ላይ ሊፈስ ይችላል። ገመዶቹንም ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደታች አጠፍ አድርጋችሁ አንጠልጥሉ፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ መሬት ይውደቅ እንጂ ሶኬት ውስጥ አይግባ። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ይህን ቸል አትበሉ።

ስለ ሂተር ብዙ ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ቤታ የሚገድለው አንደኛው ነገር ብርድ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቀን ላይ ፀሐዩ ሞቅ ቢያደርገንም ሌሊቱ ሌላ ነው። ህዳርና ታህሳስ የውጪው ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ደግሞ ሳሎኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ 15 ዲግሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ማሞቂያ የሌለው ውሃ የክፍሉን ብርድ ይከተላል። ቤታ በብርድ ወዲያው አይሞትም። መብላት ያቆማል፣ ምግብ አይፈጭለትም፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይወድቃል፣ እኛም "አሳው ደከመው" እያልን እናየዋለን።

መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 25 ዋት፣ ራሱ 25 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ፣ መቀየር የማይቻል ዓይነት ነበር። ብዙ ቦታ የሚጻፈው ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ይበቃል ነው፣ በዚያ ሒሳብ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ያ ሒሳብ ግን የሚሠራው ክፍሉ ራሱ ሞቅ ያለ ከሆነ ነው። የእኛ ሳሎን 15 ሲሆን ሂተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ እየሠራ ውሃው ከ22 አላለፈም። ያንን ለዘመድ ሰጠሁትና ባለ 50 ዋት፣ ሙቀቱ በእጅ የሚስተካከል ገዛሁ። 26 ላይ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ጠዋትም ማታም 26 ነው፣ አንዳንዴ 25 ተኩል። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ባለ 50 ዋቱን ግዙ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያስልኩ ሰዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እዚያ የሚሸጠው ሂተር በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፣ የእኛ መብራት 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል፣ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ሲቃጠል ደግሞ አደጋ ነው። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ውሃ ስትቀይሩ ሂተሩን ቀድማችሁ ንቀሉና 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ጋለ እያለ ከውሃው ውጪ ከቀረ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቴርሞሜትሩን ጎን ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት መሰል ነገር ላይ አታንብቡ። ከውጪ የተለጠፈ ስለሆነ የክፍሉ ብርድ ይነካዋል፣ የእኔው ከእውነተኛው ሦስት ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያሳየው። ውሃ ውስጥ የሚገባ የመስታወት ቴርሞሜትር ግዙ።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። ለሁለት ሦስት ሰዓት ከሆነ አትጨነቁ። ቤታ አየር ከላይ ስለሚጎርስ ፓምፑ ስለቆመ አይታፈንም፣ 20 ሊትር ውሃም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ እኔ አኳሪየሙን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፣ ከላይ ለአየር ትንሽ ክፍት አድርጌ። አንድ ጊዜ መብራት ከማታ እስከ ንጋት ጠፍቶ በጋቢው ውስጥ ከ26 ወደ 22 ብቻ ነው የወረደው። የሚያሳስበው ሌላው ነገር ስፖንጁ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ለዚህ በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አለችኝ፣ ፓወር ባንክ ላይ እሰካታለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ትነፋለች። ከሁሉም ዕቃ ርካሿ እሷ ናት፣ ለእኔ ግን ከዋናው ፓምፕ አታንስም።

ውሃው። ቧንቧችን በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው። አንዳንድ ቀን ውሃው በረኪና በረኪና ይሸታል። ያ ክሎሪን ነው። ለእኛ ይጠቅመናል፣ አሳን ግን ስንጥቡን ያቃጥለዋል፣ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ክሎሪን የሚያጠፋ ጠብታ መግዛት ነው፣ ትንሿ ጠርሙስ ለእኔ ስምንት ወር ቆይታልኛለች። ሌላው ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ክፍት አድርጎ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ማቆየት ነው፣ ክሎሪኑ ራሱ ይወጣል። በተከደነ ጀሪካን ውስጥ ቢቆይ ግን አይወጣም፣ ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፣ የእናንተ የቧንቧ ውሃ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደበት ክሎራሚን ነው ያለበት። ክሎራሚን በማቆየት አይወጣም፣ ጠብታው ግዴታ ነው።

አሁን ትልቁ ጉዳይ። አኳሪየሙን በገዛችሁበት ቀን አሳ አትግዙ። በዚያው ሳምንትም አትግዙ። አሳው መጨረሻ የሚገዛ ነገር ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አሳ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይለቃል፣ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም እንደዚያው። አሞኒያ መርዝ ነው። አዲስ አኳሪየም ውስጥ እሱን የሚያጠፋ ነገር የለም፣ ውሃው ደግሞ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ንጹህ ይመስላል። ጊዜ ከሰጣችሁት ግን አሞኒያን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ይራባሉ። እነሱ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ እሱም መርዝ ነው። ቀጥሎ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይመጡና ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በትንሽ መጠን አሳውን አይጎዳውም፣ በየሳምንቱ ውሃ ስትቀይሩ ይወጣል። ይህ ዑደት እስኪመሠረት ድረስ በሞቃት ውሃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይብሳል። ስለዚህ ሂተሩን አሳ ሳይኖርም አብሩት፣ እኔ 28 ላይ አድርጌው ነበር።

እኔና ልጄ እንዲህ አደረግን። ውሃውን ሞላን፣ ጠብታውን ጨመርን፣ ስፖንጁን አስነሳን፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ በጣት ቆንጠር ያለ የአሳ ምግብ ጣልንበት። አሳ የለም፣ ምግቡ ግን በስብሶ አሞኒያ ይሰጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ውሃው እንደ ሩዝ ማጠቢያ ነጣ። ደንግጬ ልደፋው ነበር፣ ባክቴሪያ ሲራባ የሚመጣ ነገር መሆኑን አንብቤ ተውኩት፣ በአራት ቀን ራሱ ጠራ። ልጄ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሥምሮ ፍሪጁ ላይ ለጠፈ። በየማታው እንመረምራለን፣ እሱ ይጽፋል። በሁለተኛው ሳምንት አሞኒያው በሊትር 2 ሚሊግራም ደረሰ። በሦስተኛው መውረድ ጀመረና ናይትራይቱ ወጣ። በ36ኛው ቀን ሁለቱም ዜሮ ሆኑ፣ ናይትሬት ብቻ ቀረ። ልጄ ወረቀቱ ላይ ሁለት ዜሮ ጽፎ በቀይ ከበባቸው።

መመርመሪያው ላይ አንድ ቃል ልጨምር። በቀላሉ የሚገኘው ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀለሙን የምታዩት ወረቀት ነው። አብዛኛው ወረቀት አሞኒያን አይመረምርም፣ ዋናውን ነገር ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። እኔ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በጠብታ የሚሠራውን አስመጣሁ፣ ከሁሉም ዕቃ ውድ እሱ ነበር፣ ከአሳው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ግን ባይኖረኝ ኖሮ መቼ እንደሚበቃው በምንም አላውቅም ነበር።

ጠጠርና ዕቃ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ባለ ቀለም ጠጠር ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል፣ ጣልኩት። ከግንባታ ቦታ ጥቁር ድቡልቡል ጠጠር ለምኜ አመጣሁና ውሃው እስኪጠራ ደጋግሜ አጠብኩ። ድንጋይ ከደጅ ስታመጡ ላዩ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ውሃው ውስጥ ማዕድን ያበዛል፣ ተዉት። ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የግንባታ ድንጋይ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ባክቴሪያ ማሳደሪያ እንዲሆን ጥሩ ነው፣ ግን ጠርዙ ሹል ነው፣ አሳው በሚዋኝበት አታድርጉት። እኔ ጥቂት ፍሬ በመረብ ከረጢት አድርጌ ከስፖንጁ ኋላ ደብቄዋለሁ።

ፕላስቲክ ተክል ስትገዙ ቀጭን የሴት ስቶኪንግ ላዩ ላይ ጎትቱበት። ስቶኪንጉን ከያዘ የቤታን ክንፍም ይቀዳል። ጨርቅ መሰሉ ይሻላል፣ እውነተኛ ተክል ካገኛችሁ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ መደበቂያ ስጡት፣ የተሰበረ የሸክላ ማሰሮ አንገት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ሞርጄ አስቀምጬለታለሁ፣ እዚያ ነው የሚያድረው።

በእኛ ቤት ብቻ የሚመጣ አንድ ጉዳይ አለ፣ የውጪ ሰዎች ሲጽፉት አላየሁም። ቡና ስናፈላ ዕጣን እናጨሳለን፣ ከሰል እናነዳለን። የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ነው ውሃው ውስጥ የሚነፋው፣ አሳውም ከላይ የሚጎርሰው ያንኑ ነው። ስለዚህ ረከቦቱን ከአኳሪየሙ ርቆ ወደ በረንዳው በር አዛውሬዋለሁ። ለበረሮ የሚረጭ ፍሊት ደግሞ አኳሪየሙ ባለበት ክፍል ጨርሶ አይረጭም። እነዚህ መድኃኒቶች ውስጥ ያለው ኬሚካል ለአሳ በጣም መርዛማ ነው። የቤት ሠራተኛ ካለች ወይም እናታችሁ አብራችሁ ካሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አሳውን የገዛሁት ከሌላ ሱቅ ነው። ሻጩ ገንዘቤን ከመቀበሉ በፊት "ውሃሽ ስንት ቀን ሆነው? ሂተር አለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ የሚጠይቅ ሻጭ ካገኛችሁ ደንበኛው ሁኑ። ቀዩን መረጥን፣ ጣታችንን ስናስጠጋ ተከትሎ የሚመጣ፣ ክንፉ የተዘረጋ፣ ሆዱ ያልተነፋ። ቤት ስንደርስ ፌስታሉን እንደታሰረ ውሃው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፈፍነው፣ ከዚያ ከአኳሪየሙ በቡና ሲኒ እየቀዳን ትንሽ ትንሽ ጨመርንበት፣ በመጨረሻ አሳውን ብቻ አስገባን። የፌስታሉን ውሃ ደፋነው።

ምግብ ጠዋት ሦስት ፍሬ፣ ማታ ሦስት ፍሬ፣ አርብ ምንም። ሆዱ የዓይኑን ያህል ነው ይባላል፣ ልጆች ግን ማብላት ይወዳሉና ጣሳውን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በየቅዳሜው አምስት ሊትር በቀጭን ቱቦ ከታች ስበን እናወጣለን፣ ሙቀቱን ካስተካከልን በኋላ አምስት ሊትር እንመልሳለን። የወጣው ውሃ በረንዳ ላይ ላሉት አበቦች ነው፣ ናይትሬቱን ይወዱታል። ስፖንጁ ሲቆሽሽ በዚያው በወጣው ውሃ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። በቧንቧ ውሃ ብታጥቡት ክሎሪኑ ያን ሁሉ ሳምንት የጠበቃችሁትን ባክቴሪያ ይገድለዋል። መመሪያው ማጣሪያውን ጣሉ ሲል የተናደድኩት ለዚህ ነው።

ቀዩ አሁን አሥር ወር ሆኖታል። በሁለተኛው ወር ጥግ ላይ ከክዳኑ ሥር ነጭ የአረፋ ክምር አየን፣ ወንዱ ቤታ ለእንቁላል የሚሠራው ጎጆ ነው። ልጄ ሮጦ ጠራኝ፣ ቆመን ብዙ ሰዓት አየነው።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ስፖንጅ አኳሪየሙ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ባክቴሪያው እሱም ላይ ስለሚራባ አዲስ አኳሪየም ለሚጀምር ሰው ሲሰጥ የሳምንታት ሥራ ይቀንስለታል። ባለፈው ወር ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ያንኑ ባለ 20 ሊትር ገዛች። ስፖንጁን እርጥብ እንደሆነ በፌስታል አድርጌ ወረድኩላት፣ ልጄም ሠንጠረዡንና መመርመሪያውን ይዞ ተከተለኝ። የእሷ በ11ኛው ቀን ሁለት ዜሮ አነበበ።